ከእርሳሱ በፊት ካርቶኑ፦ ለመዋዕለ ሕፃናት ኃላፊዎች፣ መምህራንና ወላጆች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ሰላም ለሁላችሁ።

ይህን የምጽፈው በዋናነት ለእናንተ፣ መዋዕለ ሕፃናት ለምትመሩ ሰዎች ነው። የክፍል መምህራንና ወላጆችም አብራችሁ ብታነቡት ደስ ይለኛል፤ የምጠይቀው ነገር አንዱ ወገን ብቻውን የሚጨርሰው አይደለም። እኔም ትንንሽ ልጆችን የማስተምር ሰው ነኝ።

ጥያቄዬን በቀጥታ ልናገር። የሦስትና የአራት ዓመት ልጅ ጽሕፈትን በደብተርና በእርሳስ አይጀምር። በጣቱ ይጀምር። በአሸዋ፣ በጨው፣ በሊጥ፣ በካርቶን ፊደል ይጀምር። እነዚህን መርጃዎች ደግሞ እኛው በእጃችን እንሥራቸው፤ እናንተም መሥሪያ ጊዜና ማስቀመጫ ቦታ ስጡን።

አሁን የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ወላጅ ማታ ደብተሩን ከፍቶ ስንት ገጽ እንደተሞላ ያያል። ኃላፊውም ክፍል ሲገባ ደብተር ያገላብጣል። መምህሯ ይህን ስለምታውቅ ገጽ ታስሞላለች፤ አንድ ፊደል ከላይ ትጽፍና ልጁ እስከ ታች እንዲደግመው ታዘዋለች። ማንም ክፉ አስቦ አይደለም። ግን ልጁን እዩት። እርሳሱን በሙሉ እጁ ጨብጦ ይዟል፣ ትከሻው ወደ ላይ ወጥቷል፣ ወረቀቱ እስኪቀደድ ይጫናል። ሦስተኛው መስመር ላይ ሲደርስ ፊደሉ ቅርጹን ስቷል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ገጽ ሁሉ የሚሞላው የተበላሸውን ፊደል እየተለማመደ ነው ማለት ነው። «እጄን አመመኝ» ካለ ደግሞ ሰነፍ ይባላል። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል። ልጁ የተናገረው እውነቱን ነው።

የእጅ አንጓ ውስጥ ስምንት ትንንሽ አጥንቶች አሉ። ሕፃን ሲወለድ እነዚህ ገና ያልጠነከሩ፣ ለስላሳ ናቸው። አንድ በአንድ፣ በብዙ ዓመታት ውስጥ ነው አጥንት እየሆኑ የሚሄዱት፤ የመጨረሻው የሚጠነክረው ብዙ ጊዜ ልጁ ስምንት ዓመት ከሞላው በኋላ ነው። ጡንቻውም ጊዜ ይፈልጋል። በአጠቃላይ መጀመሪያ የሚታዘዙለት ትከሻና ክንዱ ናቸው፣ ከዚያ አንጓው፣ መጨረሻ ላይ ጣቶቹ። ስለዚህ የሦስት ዓመት ልጅ እርሳስ በጭብጡ መያዙ ጥፋት አይደለም። በሦስት ጣት መያዝ ለብዙ ልጆች ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ባለው ጊዜ የሚመጣ ነገር ነው፤ የሚመጣውም ጣቶቹ ሌላ ሌላ ሥራ ሠርተው ሲበረቱ ነው እንጂ «በትክክል ያዝ!» ስለተባለ አይደለም።

መስመርም የራሱ ተራ አለው። ልጆች ባብዛኛው ሁለት ዓመት አካባቢ ቁም መስመር አይተው ያስመስላሉ፣ ቀጥሎ አግድም መስመር፣ ሦስት ዓመት አካባቢ ክብ፣ አራት አካባቢ መስቀል፣ ከዚያ አራት ማዕዘን። ሦስት ማዕዘን አምስት ዓመት አካባቢ ነው የሚመጣው፣ ምክንያቱም ዘመም ያለ መስመር ለእጅም ለዓይንም ከባድ ነው። ይህን ይዛችሁ ፊደላችንን ተመልከቱት። ዐ ክብ ነው። ተ መስቀል ነው። ቀ ክብና በመሃሉ የሚወርድ ቁም መስመር ነው። በ ከታች የተከፈተ አራት ማዕዘን ነው። ለ ግን ሁለት ዘመም መስመሮች አናት ላይ የሚገጥሙበት ነው። እኛ ግን ልጁን ፊደል የምናስቆጥርበትን ተራ፣ ሀ ለ ሐ መን፣ ለጽሕፈትም እንዳለ እንወስደዋለን። ልጁ ሀ ሁ ሂ እያለ ይቁጠር፤ ጥሩ ነው፣ ዜማው እንዲይዘው ይረዳዋል። እጁ ግን ከዐ፣ ከተ፣ ከቀና ከበ ቢጀምር ለዕድሜው የሚመጥነውን ሰጠነው ማለት ነው። አፉ በአንድ ተራ፣ እጁ በሌላ ተራ ቢሄድ ምንም አይጎዳውም። ውሎ አድሮ ይገናኛሉ።

አሁን ወደ መርጃዎቹ ልግባ። ብዙ የምለው ስላለኝ ታገሡኝ።

በእጅ የተሠራ መርጃ ገንዘብ ያጠረው ትምህርት ቤት የሚጠቀምበት ምትክ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ታሪኩ ግን ሌላ ነው። ጣሊያናዊቷ ሐኪምና የሕፃናት አስተማሪ ማሪያ ሞንቴሶሪ በ1907 (እ.ኤ.አ.) ሮም ውስጥ የመጀመሪያውን «የልጆች ቤት» ከከፈተች በኋላ፣ ቀደም ሲል ትሠራበት የነበረውን ዓይነት ያማረ የእንጨት ፊደል የሚሠራላት ሰው ፈልጋ አጣች። ስትቸገር ከወረቀት ቆርጣ ሠራች፣ ለመዳሰሻ የሚሆነውን ደግሞ አናጺ እንጨት ከሚያለሰልስበት ሸካራ ወረቀት ቆርጣ ለስላሳ ወረቀት ላይ ለጠፈችው። በኋላ ራሷ እንደጻፈችው፣ ይህ ቀላል ነገር ከዚያ ካማረው የእንጨት ፊደል በልጦ አገኘችው፤ እንጨቱን ፍለጋ ያባከነችው ጊዜም ቆጫት። ዛሬ በሚያምር ሣጥን ታሽገው የሚሸጡት ሸካራ ፊደላት መነሻቸው ይሄ ነው። መቀስና ማጣበቂያ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከማንኛውም የዕቃ ካርቶን የደብተር ገጽ የሚያህል ቁራጭ ቁረጡ። ካርቶኑ ላይ አንድ ፊደል በትልቁ ጻፉ፤ የመስመሩ ስፋት የልጅ ጣት የሚያህል፣ አንድ ሴንቲሜትር ገደማ ይሁን። መስመሩን ብቻ ኮላ ቀቡት፣ የተነፋ ደቃቅ አሸዋ በላዩ በትኑ፣ ትርፉን አራግፉ፣ አንድ ሌሊት ይድረቅ። አሸዋ ከሌለ ጨው ይሆናል፣ ግን ቶሎ ይረግፋል። ዙሪያው የግድ ለስላሳ ይሁን። ይሄን አጥብቄ የምለው መርጃው የሚሠራው በዚህ ስለሆነ ነው፤ ጣቱ ከሸካራው ወጥቶ ለስላሳው ላይ ሲያርፍ ልጁ መሳሳቱን ራሱ ያውቃል። «አይደለም፣ እንደገና» የሚለው ሰው አያስፈልገውም።

ሁለት ነገር ጨምሩበት። አንደኛ፣ የሚጀመርበት ቦታ ላይ አንድ አረንጓዴ ነጥብ። ሁለተኛው ለእኛ ፊደል ብቻ የሚሆን ነው፤ ግዕዙን በአንድ ቀለም ሥሩና በሌሎቹ ላይ የሚጨመረውን ምልክት በሌላ ቀለም አድርጉት። በ ሰማያዊ ከሆነ፣ ቡ ላይ ከቀኝ ጎኑ መሃል የምትወጣዋ ጭረት ቀይ ትሁን፣ ቢ ላይ ቀኝ እግሩ ጫፍ ያለችዋም፣ ቤ ላይ ያለችው ቀለበትም። ከዚያ ሰ ሱ ሲ ሴን በዚያው ቀለም አቅርቡለት። ልጁ ቀዩ የት እንደሚቀመጥ ሲያስተውል፣ 231 የተለያየ ሥዕል መሸምደድ እንደሌለበት ይገባዋል። ሳድስና ሳብዕ ላይ መልኩ ከፊደል ፊደል ስለሚለያይ እነሱን ለብቻ፣ ቆይቶ ማምጣት ይሻላል።

ሲጠቀምበት በጠቋሚና በመሃል ጣቱ መስመሩን ይከተል፣ ድምፁንም እዚያው ይበል። ሲለምድ ዓይኑን ጨፍኖ ዳስሶ የትኛው እንደሆነ ይንገራችሁ። ልጆች ይሄን ጨዋታ ይወዱታል። የመዳሰሱ ጥቅም በጥናትም ታይቷል፤ በ2004 (እ.ኤ.አ.) የወጣ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ሥራ እንዳሳየው፣ ፊደላትን እያዩ በእጃቸውም እየዳሰሱ የተማሩ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች በማየት ብቻ ከተማሩት ይልቅ ማንበብ ላይ የተሻለ ለውጥ አሳይተዋል። ለጽሕፈት ብለን የሠራነው ካርቶን ለንባብም ይሠራል ማለት ነው።

ቀጥሎ የጨው ዝርግ። ይሄ ከሁሉም ቀላሉ ነው። ዝቅ ያለ የካርቶን ክዳን ወይም ትሪ ውሰዱ፣ ከሥሩ ጠቆር ያለ ወረቀት አንጥፉ፣ ግማሽ ሴንቲሜትር የማይሞላ ጨው ወይም ደረቅ አሸዋ ዘርጉበት። ልጁ በጣቱ ሲጽፍ ከሥር ያለው ጥቁር ወጥቶ ፊደሉ ይታያል። ጨው ካበዛችሁ ግን መስመሩ ተመልሶ ይሞላል። የዚህ ትልቁ ነገር ስሕተቱ ተነቅንቆ መጥፋቱ ነው። ደብተር ላይ የተሳሳተ ልጅ ላጲስ ይፈልጋል፣ ይፍቃል፣ ወረቀቱ ይበሳል፣ ያለቅሳል። ጨው ላይ የተሳሳተ ልጅ ትሪውን ነቅንቆ ይቀጥላል። ሐሳቡ ዘመናዊ ግኝት አይደለም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ሕንድ ውስጥ ማድራስ የነበረው ስኮትላንዳዊ ቄስ አንድሩ ቤል የአካባቢው ልጆች መሬት ላይ በተዘረጋ አሸዋ በጣታቸው ሲጽፉ አይቶ፣ እሱም በሚመራው የወላጅ አልባ ልጆች ትምህርት ቤት ይህንኑ አስጀመረ፤ በ1797 (እ.ኤ.አ.) ያሳተመው ጽሑፉም ዘዴውን ወደ እንግሊዝ ትምህርት ቤቶች ወሰደው።

ሦስተኛው የተቦረቦረ ፊደል ነው። ሁለት ካርቶን ደርባችሁ የላይኛው ላይ ፊደሉን ቆርጣችሁ አውጡ፣ ከዚያ አጣብቋቸው። ቦዩ ውስጥ ልጁ ጣቱን ወይም ወፍራም ከለር ያስኬዳል፣ ጠርዙ እንዳይወጣ ይይዘዋል። ሮማዊው የንግግር መምህር ኲንቲሊያን በ1ኛው ክፍለ ዘመን ልጆች ሰሌዳ ላይ በተቀረጸ ፊደል ቦይ ውስጥ መጻፊያቸውን እያስኬዱ እንዲለማመዱ መክሮ ነበር። እጃቸው ሳይስት ይለምዳል፣ የአስተማሪ እጅም እጃቸውን መምራት አያስፈልገውም የሚል ነበር ምክንያቱ። እስከ ዛሬ ይሠራል።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልጠንቀቅ። ቦይ መከተልም ሆነ ነጠብጣብ ማገናኘት መሸጋገሪያ ነው፤ እዚያው መቅረት የለበትም። በ2012 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ በታተመ ጥናት ገና ማንበብ ያልጀመሩ አምስት ዓመት ገደማ የሆናቸው ልጆች ፊደላትን በሦስት መንገድ ሠሩ፦ በነጻ እጃቸው በመጻፍ፣ በነጠብጣብ ላይ በመሄድ፣ ቁልፍ በመጫን። ከዚያ ፊደሎቹን ሲያዩ አንጎላቸው በምስል ታየ። ለንባብ የሚያገለግሉት የአንጎል ክፍሎች ይበልጥ የሠሩት በነጻ እጅ ለጻፏቸው ፊደላት ነበር። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ ሁሉን ነገር አይፈታም። ግን በነጠብጣብ የታተመ ወርክሺት ቀኑን ሙሉ የምታስሞሉ ትምህርት ቤቶች ቆም ብላችሁ እንድታስቡበት እለምናለሁ። ልጁ መስመሩን እያየ ይከተላል፣ ከዚያ ካርቶኑን ገልብጡትና ጨው ላይ ያለ ምንም መሪ ይሞክረው። ጠማማ ይሆናል። ይሁን። ያ ጠማማ ፊደል የራሱ ነው።

ጣት የሚያበረቱትን ነገሮች ቶሎ ቶሎ ላንሣ፣ አብዛኞቻችሁ ታውቋቸዋላችሁ። የልብስ መቆንጠጫ ካርቶን ጠርዝ ላይ መሰካትና መንቀል። ውሃ የጠጣ ስፖንጅ ከአንድ ሳህን ወደ ሌላ እየጨመቁ ማጋባት። ወረቀት በጣት መቅደድ፣ በአንድ እጅ ጨምድዶ ኳስ ማድረግ። ካርቶን ዙሪያውን በስቶ የጫማ ክር ማስገባት። የጠርሙስ ክዳን መክፈትና መዝጋት። ሊጥም አለ፦ ሁለት ስኒ ዱቄት፣ አንድ ስኒ ጨው፣ አንድ ስኒ ገደማ ውሃ፤ ውሃውን ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። ልጁ ሊጡን እያንከባለለ እንደ ገመድ አርዝሞ ፊደል ይሠራበታል፤ ማንከባለሉ ራሱ ለጣቱ ሥራ ነው። ይሄን «ጨዋታ ብቻ ነው» ብሎ የሚንቅ ኃላፊ ካለ፣ ይህ የጽሕፈት ትምህርት ክፍለ ጊዜ ነው ብዬ ፊት ለፊት እከራከረዋለሁ።

ግድግዳን አትርሱ። ካርቶን ጥቁር ቀለም ቀብታችሁ በልጁ ደረት ትይዩ ግድግዳ ላይ ስቀሉት። ቆሞ ሲጽፍ ክንዱና ትከሻው ይሠራሉ፣ አንጓው ደግሞ ለጽሕፈት በሚመቸው መንገድ ወደ ኋላ ይታጠፋል። ጠመኔውን ስበሩት። ቁራጩ ትንሽ ሲሆን በሙሉ እጅ መጨበጥ አይመችም፣ ጣቶቹ ሳያውቁት በሦስት ይይዙታል። እርሳስ ሲመጣም እንደዚያው አጭር እርሳስ ስጡት፤ ረጅሙ ለእኛ እጅ ነው የተሠራው። ከቤት ውጭ ደግሞ ብሩሽና አንድ ኩባያ ውሃ ይበቃል። በውሃ ደረቅ ግድግዳ ላይ ይጽፋል፣ ፀሐይ ታደርቀዋለች፣ ይደግመዋል።

ገዝተን የምናገኛቸውንም አልጠላም። አንድ ንጹሕ የላስቲክ ማኅደርና የኋይትቦርድ ማርከር ካላችሁ አንዱን ገጽ መቶ ጊዜ ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ። ብቻ ቅደም ተከተሉ አይጥፋብን።

ስለ ጥንቃቄ በግልጽ ልናገር። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ትንሽ ዕቃ አደገኛ ነው። በሶፍት መሃል ባለው የካርቶን ቱቦ ውስጥ የሚያልፍ ነገር ሁሉ ሊያንቀው ይችላል ብላችሁ አስቡ፤ አዝራር፣ ዶቃ፣ ባቄላ፣ ክዳን። ትልልቆቹም ጆሯቸውና አፍንጫቸው ውስጥ ስለሚከቱ ዓይን አይለያቸው። የጨው ሊጥ በብዛት ከተበላ ጨው ስለሚበዛበት ይጎዳል፣ ስለዚህ አፉ ውስጥ ለሚከት ልጅ ጊዜው አልደረሰም። ካርቶን የምንቆርጥበት ምላጭ ከልጆች ክፍል ውጭ ይቆይ። መርጃውን የምንሠራው ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ነው።

በግራ እጁ የሚጽፍ ልጅ ካለ ተዉት። ትሪውን ወደ ግራው ጠጋ አድርጉለት፣ በቃ። ፊደል ገልብጦ የሚጽፍም አለ፣ መስታወት ውስጥ እንደሚታይ አድርጎ። እስከ ስድስትና ሰባት ዓመት ይህ የተለመደ ነው፤ አረንጓዴዋ ነጥብ ትረዳዋለች። መቆጣት ምንም አይጨምርለትም።

አሁን የምጠይቃችሁን ላስቀምጥ፣ ኃላፊዎች። በሳምንት አንድ ሰዓት ለመምህራን መርጃ መሥሪያ ስጡ፣ በሥራ ሰዓት ውስጥ፣ ቤታችን ወስደን ሌሊት የምንሠራው አታድርጉት። በየክፍሉ አንድ መደርደሪያ ይኑር፣ ልጅ ደርሶ ራሱ የሚያወርድበት። በር ላይ ባዶ ካርቶን የሚጠራቀምበት ሣጥን አስቀምጡ፤ ወላጆች ይሞሉታል። ክፍል ስትገቡ ደግሞ ደብተር ከማገላበጥ በፊት የልጆቹን እጅ እዩ። ማን በሦስት ጣት ይይዛል፣ ማን ክብ ይዘጋል፣ ማን ስሙን ጨው ላይ ይጽፋል። ይህን መምህሯ በአንድ ወረቀት ብትመዘግብ ከሃምሳ ገጽ የበለጠ ስለ ልጁ ይነግራችኋል።

አንድ ተጨማሪ ነገርም አለ፣ ብዙ ጣጣ ያስቀራል። እያንዳንዱ ፊደል ከየት ተጀምሮ ወዴት እንደሚሄድ የሚያሳይ አንድ ገጽ አዘጋጁና ለእያንዳንዱ ቤት ላኩ። ትምህርት ቤት ከላይ ወደ ታች ሲማር የዋለውን ልጅ ማታ ቤት ታላቅ እህቱ ከታች ወደ ላይ ታሳየዋለች። ልጁ ሁለቱንም ማስደሰት ይፈልጋል። የሚጎዳው እሱ ነው።

ወላጆች፣ እናንተን አንድ ነገር ብቻ። ማታ «ስንት ገጽ ጻፍክ?» ከምትሉት «ዛሬ በእጅህ ምን ሠራህ?» በሉት። ከሁሉም ፊደል በፊት ደግሞ የስሙን ፊደላት በካርቶን ሥሩለት፣ ልጅ ከማንኛውም ቃል በላይ መጻፍ የሚፈልገው ስሙን ነውና። ደብተሩ ባዶ ሆኖ ብታዩት መምህሯን አትውቀሷት። ጠይቋት፣ ታሳያችኋለች።

ይህን ደብዳቤ በሚቀጥለው የመምህራን ስብሰባ ላይ እንድታነቡት እጠይቃለሁ። አይሆንም የምትሉት ነገር ካለ ምክንያቱን ጻፉልኝ፣ እንነጋገርበታለን። በአንድ ክፍል ብቻ፣ ለአንድ መንፈቀ ዓመት ለመሞከር ፈቃደኛ የሆነ ትምህርት ቤት ካለም የመጀመሪያዎቹን ካርቶኖች አብሬያችሁ ተቀምጬ እቆርጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የመዋዕለ ሕፃናት መምህር